የአልኮል ሙቀት ደሴ ላይ ለምን አነሰ? የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ደሴ ከተማ የ12ኛ ክፍል ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቤተ ሙከራችን ባዶ ስለሆነ ከተማሪዎቼ ጋር ባለን ነገር ሞከርን። በባዶ የድልህ ጣሳ 200 ግራም ውሃ አድርገን በአልኮል ኩራዝ አሞቅን። አልኮሉ ከፋርማሲ የገዛነው 70 በመቶ ነው። 2.6 ግራም ሲቃጠል ውሃው ከ19 ወደ 49 ዲግሪ ወጣ። ስናሰላው በሞል 444 ኪሎጁል መጣ። መጽሐፉ 1,367 ይላል። ከቦንድ ኢነርጂ (አተሞችን ያያያዘውን ቦንድ ለመስበር የሚያስፈልግ ኃይል) ሠንጠረዥ ስናሰላ ደግሞ 1,023 አገኘን። የቱን እንመን? አንድ ባልደረባዬ ‹የደሴ ከፍታ ነው። ኦክስጅኑ ስለሚያንስ አልኮሉ ሙቀቱን አይሰጥም። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ለኩ› ይለኛል። ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚንና አረቄንም ለማወዳደር አስበናል። ምን ይመክሩናል?»

ኮምቦልቻ መውረድ አያስፈልግም። ከፍታው በዚህ ጉድለት ውስጥ ያለው ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። 1,367 ትክክለኛ ቁጥር ነው። 444ም የውሸት ቁጥር አይደለም። የሚናገረው ግን አልኮሉ ስላወጣው ሙቀት ሳይሆን ውሃው ውስጥ ስለገባው ሙቀት ነው። በዚያ ላይ ውሃን አልኮል ብሎ ቆጥሯል። 1,023 ግን ስህተት ነው፤ ከሠንጠረዡ የማይሆን መስመር ተነቧል።

ከቀላሉ ልጀምር። የማባዛትና የማካፈል ስህተት የለባችሁም። 200 ግራም በ4.18 (አንድ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ጁል)፣ ከዚያም በ30 ዲግሪ ሲባዛ 25,080 ጁል ይሆናል። 25.1 ኪሎጁል ገደማ ማለት ነው። ለ2.6 ግራም ሲካፈል በግራም 9.65 ኪሎጁል ይደርሳል። የኤታኖል፣ ማለትም የፋርማሲው አልኮል፣ አንድ ሞል 46.07 ግራም ስለሆነ በዚያ ሲባዛ 444 ይወጣል። ችግሩ ያለው 2.6 ግራሙ ላይ ነው። እሱ ሁሉ ኤታኖል አይደለም።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው 70 በመቶ የመጠን ነው እንጂ የክብደት አይደለም። በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ 70 ሚሊ ሊትር ኤታኖል አለ። የኤታኖል እፍግታ 0.789 ስለሆነ ይህ 55 ግራም ይመዝናል። ጠቅላላው 100 ሚሊ ሊትር ደግሞ 88.5 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ በክብደት 62 በመቶ ብቻ ነው ኤታኖሉ። ከ2.6 ግራሙ ውስጥ በእርግጥ የነደደው 1.62 ግራም ገደማ ነው ማለት ነው። የቀረው ውሃ ነው። አልነደደም። እንዲያውም ለመትነን ከነበልባሉ ሙቀት ወስዷል።

አሁን በዚህ አስሉት። 25.08 ለ1.62 ሲካፈል በግራም 15.5 ኪሎጁል ይሆናል። በሞል ደግሞ 712 ገደማ። ሌላ ክብሪት ሳትጭሩ ከመጽሐፉ ቁጥር 32 በመቶ የነበረው ወደ 52 በመቶ ከፍ አለ። ይህ እርማት ራሱ ግምት መሆኑን ግን ልብ ይበሉ። ኩራዙ ሲነድ ኤታኖሉ ከውሃው ቀድሞ ስለሚተን፣ ውስጥ የሚቀረው እየቀጠነ ይሄዳል። ነበልባሉም እየደከመ ይመጣል። በ70 በመቶ አልኮል ጥሩ ልኬት ማግኘት ከባድ የሆነው ለዚህ ነው። ፋርማሲ ሲሄዱ 96 ወይም 97 በመቶ የሚለውን ይጠይቁ። 96 በመቶው በክብደት 94 በመቶ ገደማ ኤታኖል ስላለው እርማቱ ትንሽና አስተማማኝ ይሆናል።

የቀረው 48 በመቶ የት ገባ? ብዙ ተማሪዎች «ጣሳው በላው» ይላሉ። እስቲ በቁጥር እንየው። ጣሳው 50 ግራም ብረት ነው ብንል፣ ለ30 ዲግሪ የሚወስደው 50 በ0.45 በ30 ነው፤ 675 ጁል። ከ25,080 ጁሉ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። በስሌታችሁ ውስጥ ጨምሩት፤ ግን ብዙ ነገር ይለውጣል ብላችሁ አትጠብቁ። ዋናው ሙቀት የሄደው በጣሳው ጎንና ጎን ወደ ላይ ከሚያመልጠው ትኩስ አየር ጋር ነው። ደሴ ደግሞ ነፋሷን ታውቁታላችሁ። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ንፋስ በተሰበረ መስኮት ገብቶ ነበልባሉን ወደ አንድ ጎን ካስተኛው፣ የነደደው አልኮል ክፍሉን እንጂ ውሃውን አያሞቅም።

ለዚህ መፍትሔው ርካሽ ነው። ከጣሳው ሰፋ ያለ ሌላ ጣሳ ወስዳችሁ ሁለቱንም አፉን ቁረጡና በዙሪያው እንደ አጥር አቁሙት። ከታች በኩል ብዙ ቀዳዳ ይብሱለት፤ ነበልባሉ አየር ካላገኘ ያጨሳል። ከክሩ ጫፍ እስከ ጣሳው ቂጥ ያለው ርቀት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን። በጣም ካስጠጋችሁት ነበልባሉ ቀዝቃዛውን ብረት ሲነካ ሳይጨርስ ይጠፋል። ካራቃችሁት ሙቀቱ በጎን ያመልጣል። ውሃውን ክደኑት፣ ቀስ እያላችሁም አማስሉት። ሙቀቱን የምታነቡት ኩራዙ እንደጠፋ ወዲያው አይደለም። እያማሰላችሁ ጠብቁና የደረሰበትን ከፍተኛ ቁጥር ጻፉ።

ደሴ እንዲያውም ለዚህ ሙከራ የምትመች ከተማ ናት። የጠዋት የቧንቧ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። ከክፍሉ ሙቀት 12 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ካለ ውሃ ጀምራችሁ 12 ዲግሪ ገደማ ከፍ ሲል ብታቆሙ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ውሃው ከክፍሉ የሚቀበለው በሁለተኛው ግማሽ ከሚሰጠው ጋር በአብዛኛው ይካካሳል። ከ19 ወደ 49 መሄድ ግን ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ከክፍሉ በላይ ሞቆ ሙቀት ሲያፈስ ይቆያል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቦንድ ኢነርጂው። ስሌቱን መልሼ ሠራሁት፤ 1,023 እንዴት እንደመጣም ገባኝ። አንድ ሞል ኤታኖል ከ3 ሞል ኦክስጅን ጋር ይነዳል። 2 ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና 3 ሞል ውሃ ይሰጣል። የሚሰበሩት ቦንዶች 5 የካርቦንና የሃይድሮጅን፣ 1 የካርቦንና የካርቦን፣ 1 የካርቦንና የኦክስጅን፣ 1 የኦክስጅንና የሃይድሮጅን፣ እንዲሁም 3 የኦክስጅን ድርብ ቦንዶች ናቸው። 413፣ 347፣ 358፣ 463 እና 498ን ተጠቅመን ስንደምር 4,727 ኪሎጁል ይመጣል። እስከዚህ ልክ ናችሁ። የሚሠሩት 6 የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ቦንዶች 2,778 ይሆናሉ። ይህም ልክ ነው። ስህተቱ 4ቱ የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ቦንዶች ላይ ነው። እናንተ 743ን ተጠቀማችሁ። እሱ በኬቶንና መሰል ሞለኪውሎች ውስጥ ያለው አማካይ ነው። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ያለው ቦንድ ከዚያ የጠነከረ ነው፤ 805 ገደማ። ሠንጠረዦች ብዙ ጊዜ ለብቻው ወይም በኮከብ ምልክት ስለሚያስቀምጡት ዓይን ይዘለዋል። 4 ጊዜ 62 ደግሞ 248 ነው። ተማሪዎቹ ያጡት ይህንኑ ነው።

ሲስተካከል 3,220 እና 2,778 ተደምረው 5,998 ይሆናሉ። ከ4,727 ጋር ያለው ልዩነት 1,271 ኪሎጁል ነው። አሁንም 1,367 አልሞላም። ብዙ መምህራን እዚህ ላይ «የቦንድ ኢነርጂ አማካይ ስለሆነ ግምት ነው» ብለው ያልፋሉ። ግምት መሆኑ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የጥያቄዎ እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል።

የቦንድ ኢነርጂ የሚሠራው ሁሉም ነገር ጋዝ ነው ብሎ ነው። ኤታኖሉም ተንኖ፣ የሚወጣው ውሃም እንፋሎት ሆኖ ማለት ነው። መጽሐፉ 1,367 ሲል ግን ኤታኖሉ ፈሳሽ ነው። የሚወጣው ውሃም 25 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ወደ ፈሳሽነት ተመልሷል። አንድ ሞል እንፋሎት ፈሳሽ ሲሆን 44 ኪሎጁል ይለቃል። 3 ሞል ሲሆን 132። ስለዚህ ፈሳሽ ኤታኖል ነዶ ውሃው እንፋሎት ሆኖ ቢያመልጥ የሚገኘው 1,235 ብቻ ነው። ኤታኖሉም አስቀድሞ ጋዝ ከነበረ፣ ለማትነን የሚያስፈልገው 42 ገደማ ይተርፋልና 1,277 ይሆናል። ከእኛ 1,271 ጋር አስተያዩት። በጣም ተቀራርበዋል። የቦንድ ኢነርጂው የተጠየቀውን በትክክል መልሷል ማለት ነው። እኛ ነን የሌላ ጥያቄ መልስ አጠገቡ አስቀምጠን «ለምን አልገጠመም» ያልነው።

ይህንኑ በሌላ መንገድ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። የምሥረታ ኢንታልፒ (አንድ ሞል ውህድ ከንጥረ ነገሮቹ ሲሠራ የሚገባው ወይም የሚወጣው ሙቀት) ሠንጠረዥ ካለ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ 393.5፣ ለፈሳሽ ውሃ 285.8፣ ለእንፋሎት 241.8፣ ለፈሳሽ ኤታኖል 277.7 ውሰዱ። ሁሉም ሙቀት የሚለቁ ናቸው። 2 ጊዜ 393.5 ላይ 3 ጊዜ 285.8 ስትጨምሩ 1,644.4 ይሆናል። ከዚያ 277.7 ስትቀንሱ 1,366.7 ይመጣል። በፈሳሽ ውሃው ፋንታ የእንፋሎቱን ብትወስዱ 1,234.7። ተማሪ ይህን በራሱ እጅ ሲያወጣው የቁጥሮቹ ልዩነት ምስጢር መሆኑ ይቀራል።

ጣሳው የትኛውን ነው የሚለካው? በአብዛኛው እንፋሎቱ ከትኩሱ አየር ጋር ስለሚያመልጥ ወደ 1,235ቱ ይቀርባል። ኩራዙን እንደለኮሳችሁ የቀዝቃዛው ጣሳ ቂጥ ሲያልበው አይታችኋል? እሱ ከነበልባሉ የወጣው ውሃ ነው። ለጥቂት ጊዜ 44ቱን ኪሎጁል ይሰጣችኋል። ጣሳው ሲሞቅ ተመልሶ ይተናል። ለተማሪዎች አሳዩአቸው፤ አልኮል ሲነድ ውሃ እንደሚወጣ በዓይን የሚታይበት ጊዜ ነው።

ወደ ከፍታው ልምጣ። ባልደረባዎ የሚሉት ነገር ግማሽ እውነት አለው፤ ስለዚህ በደንብ መለየት አለበት። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው የሚከብደው። የኦክስጅን ድርሻው ግን እዚያም እዚህም 21 በመቶ ነው። አንድ ግራም ኤታኖል ጨርሶ ለመንደድ 9 ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። አሰብ ላይም፣ ኮምቦልቻም፣ ደሴም ያው 9 ግራም ነው። ደሴ ላይ ያንን ክብደት ለማግኘት በመጠን አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር መሳብ አለበት፤ ሌላ ልዩነት የለም። እሱን ካገኘና ጨርሶ ከነደደ የሚሰጠው ሙቀት አንድ ነው። የሚሰበሩትና የሚሠሩት ቦንዶች ከፍታ አያውቁም።

ለማመን ከቸገራቸው ይህን ይንገሯቸው። የመጽሐፉ ቁጥር የሚለካበት ቦምብ ካሎሪሜትር የሚባለው መሣሪያ በወፍራም ብረት የተዘጋ ነው። ውስጡ 30 አትሞስፌር በሚደርስ ኦክስጅን ይሞላል። በዚያ ዝግ ዕቃ በሚለካውና በክፍት አየር በሚገኘው መካከል ለኤታኖል ያለው ልዩነት በሞል 2.5 ኪሎጁል ብቻ ነው። የደሴ አየር አንድ አራተኛ መሳሳቱ 900 ኪሎጁል ሊያጠፋ አይችልም።

ከፍታው የሚጎዳው ምድጃው ጠባብ ሲሆን ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተሠራ ቡታጋዝ ቀዳዳው ስለማይበቃው ደሴ ላይ ቢጫ ነበልባል ያወጣል፤ ያጠላሸታል። ጥላሸት ያልነደደ ካርቦን ነው። እሱ የያዘው ሙቀት አልወጣም። ይህ ግን በቀዳዳ ይስተካከላል። ሌላው የከፍታ ጉዳይ የመፍያ ሙቀት ነው። ደሴ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ 94 አካባቢ። አንድ ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ተነስቶ ደሴ ላይ ለመፍላት 309 ኪሎጁል ይበቃዋል። ባሕር ጠረፍ ላይ 343 ይፈልጋል። ቶሎ ይፈላል፤ ግን ባቄላውና ሥጋው ይዘገያል። የሚያበስለው የውሃው ሙቀት እንጂ መንፈቅፈቁ አይደለምና። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ የሚያበስል ሰው ትንሽ ይቀለዋል። የአልኮሉ የቃጠሎ ሙቀት ግን በሁለቱም ከተማ አንድ ነው።

እንግዲህ በጣሳ ከመጽሐፉ ቁጥር ጋር እኩል መድረስ አትችሉም። አትሞክሩ። የምመክረው ሌላ ነው፦ ጣሳችሁን ራሱን ለኩት። በ96 በመቶ ኤታኖል ሦስት ጊዜ ሞክሩ። በግራም ኤታኖል ያገኛችሁትን አማካይ ለ29.7 አካፍሉ። እሱ በግራም የኤታኖል ሙሉ ሙቀት ነው። 0.55 ቢመጣ «ይህ ጣሳ፣ ከዚህ አጥር ጋር፣ 55 በመቶ ይይዛል» ማለት ነው። ከዚያ ሌላ ነዳጅ ስትለኩ የምታገኙትን በዚያው 0.55 ታካፍላላችሁ። ጣሳውን፣ ርቀቱን፣ የውሃውን መጠን ወይም የሙቀቱን ጭማሪ ከቀየራችሁ ቁጥሩ ይፈርሳል። እንደገና መለካት ነው።

ሁለተኛ ነዳጅ አድርጋችሁ አይሶፕሮፒል አልኮል ውሰዱ። ሞባይል ጠጋኞች ቦርድ የሚያጥቡበት 99 በመቶው ጥሩ ነው። በሞል 2,006፣ በግራም 33.4 ኪሎጁል አለው። ከኤታኖል በ12 በመቶ ገደማ ይበልጣል። እዚህ ላይ ግን የሚዛኑ ነገር ያሳስበኛል። 200 ግራም ውሃ በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 55 በመቶ በሚይዝ ጣሳ ኤታኖል 1.54 ግራም፣ አይሶፕሮፒል 1.37 ግራም ይፈጃል። ልዩነቱ 0.17 ግራም ብቻ ነው። ሚዛናችሁ በ0.1 ግራም የሚዘልል ከሆነ ይህን አያየውም፤ ኩራዙ ሁለት ጊዜ ስለሚመዘን ስህተቱም እጥፍ ሊሆን ይችላል። በ0.01 ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። ወርቅ ቤቶች አላቸው፤ ለግማሽ ቀን ቢለመኑ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም። ካልተገኘ 400 ግራም ውሃ አሙቁ፤ የሚነደው ይጨምራል፣ የሚዛኑ ስህተት ድርሻ ያንሳል። ኩራዙን ከማጥፋታችሁ እስከ መመዘን ክዳን አድርጉበት። አልኮል ከክሩ ላይ ዝም ብሎ ይተናል። እናንተ ግን እንደነደደ ትቆጥሩታላችሁ።

ነጭ ጋዝ በግራም ሲታይ አልኮልን በሰፊው ይበልጣል። ውሃው ፈሳሽ ሆኖ ሲታሰብ 46 ኪሎጁል ገደማ፣ እንፋሎት ሆኖ ሲታሰብ 43 ገደማ ይሰጣል። ለኤታኖል ተመሳሳዮቹ 29.7 እና 26.8 ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከኤታኖል ክብደት 35 በመቶው ኦክስጅን ነው። ጫፉ አስቀድሞ ነዶ እንደተቀመጠ እንጨት ቁጠሩት። ነጭ ጋዝ ውስጥ ኦክስጅን የለም ማለት ይቻላል። የአልኮሎቹን ተራ ስታዩም ይኸው ነው። ሜታኖል በግራም 22.7፣ ኤታኖል 29.7፣ ፕሮፓኖል 33.6፣ ቡታኖል 36.1። ሰንሰለቱ ሲረዝም የኦክስጅኑ ድርሻ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይጨምራል። በሞል ደግሞ 726፣ 1,367፣ 2,021፣ 2,676 ነው። በእያንዳንዱ እርከን 650 ገደማ ይጨምራል። ይህን ግራፍ ሰሌዳው ላይ አውጡት።

በጣሳ ስትለኩት ግን ነጭ ጋዝ የሚገባውን ቁጥር አይሰጣችሁም። በክር ሲነድ ያጠላሸታል፣ ጣሳውን ያጠቁረዋል። በኤታኖል ያገኛችሁት 0.55 እዚህ አይሠራም፤ ነበልባሉ ሌላ ዓይነት ነው። ውጤቱ ከ46 አንሶ ቢመጣ አትገረሙ፤ ይህንንም ለተማሪ ማስረዳት ትምህርት ነው። ለቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ በግራም ሳይሆን በሊትር ያስብ። አንድ ሊትር ነጭ ጋዝ 34 ሜጋጁል ገደማ፣ አንድ ሊትር ኤታኖል 21 ገደማ አለው። ምድጃዎቹ እኩል ይይዛሉ ብንል፣ ኤታኖል የሚያዋጣው የሊትሩ ዋጋ ከነጭ ጋዝ 60 በመቶ በታች ሲሆን ነው። ጭስና ጥላሸቱን ግን ይህ ስሌት አይቆጥርም። ጠባብ ማድ ቤት ውስጥ ለምታበስል እናት እሱ ትልቅ ነገር ነው። ለባጃጅ ሾፌሮችም አንድ ነገር ልበል። አገራችን ከሞላሰስ የተሠራ ኤታኖል ከቤንዚን ጋር ደባልቃ ስትጠቀም ነበር። 10 በመቶ ሲገባ በሊትር የሚገኘው ጉልበት የሚቀንሰው 3 ወይም 4 በመቶ ብቻ ነው።

አረቄን ለማገዶነት አታስቡት። 45 በመቶ ነው ብንል በክብደት ኤታኖሉ 38 በመቶ አይሞላም። ውሃውን ለማትነን የሚሄደው ሲቀነስ በግራም ከ9 ኪሎጁል ያነሰ ይቀራል። ደረቅ እንጨት 16 ገደማ አለው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለማውጣቱ የሚነደው ነው። አንድ ሊትር አረቄ ለማውጣት 6 ሊትር ድፍድፍ ይሞቃል ብለን እናስላ። ማሞቁና ማትነኑ 3.4 ሜጋጁል ገደማ ይፈልጋል። በሦስት ጉልቻ ላይ ከእንጨቱ ሙቀት 15 በመቶው ብቻ ድፍድፉ ውስጥ ቢገባ 23 ሜጋጁል መንደድ አለበት፤ 1.4 ኪሎ ገደማ ደረቅ እንጨት ነው። ከሊትሩ አረቄ የሚገኘው ግን 8 ሜጋጁል ብቻ። ኮረብታው በተራቆተበት በወሎ ይህ ቀልድ አይደለም። ለተማሪዎች ስሌቱን ስጧቸው፤ አረቄውን ክፍል አታስገቡት።

ቤንዚን ግን ፈጽሞ። ለማየት ያህልም ቢሆን። ትነቱ በማንኛውም የደሴ ሙቀት፣ በክረምቱ ጉም ውስጥም ቢሆን፣ ከክብሪት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል። ነጭ ጋዝ ለመቀጣጠል 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ መሞቅ አለበት፤ ቤንዚን የተቀላቀለበት ነጭ ጋዝ ግን ይህ ጠባዩ ይጠፋል፤ ቡታጋዝ የሚፈነዳበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሜታኖልንም አትጠቀሙ። ጥቂት ቢጠጣ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላል። አንዳንድ የፋርማሲ አልኮል እንዳይጠጣ ሜታኖል ይጨመርበታል፤ ስለዚህ መስኮት ከፍታችሁ ሥሩ፣ ጠርሙሱ በእርስዎ እጅ ይቆይ።

ንጹሕ ኤታኖልም የዋህ አይደለም። 13 ዲግሪ ገደማ ላይ ትነቱ መቀጣጠል ይችላል፤ ክፍላችሁ ከዚያ ይሞቃል። ነበልባሉ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ብዙ ልጅ የሚቃጠለው የጠፋ የመሰለውን ወይም ገና ያልበረደውን ኩራዝ ሲሞላ ነው። ኩራዙን የሚሞሉት እርስዎ ብቻ ይሁኑ፤ በርዶ፣ ከሌሎች ነበልባሎች ርቆ። የሚያጠፉት በክዳን እንጂ በትንፋሽ አይደለም። አልኮል ከፈሰሰና ከተያያዘ ውሃ ይሆነዋል፤ ከውሃ ጋር ይዋሐዳልና። የነጭ ጋዝ እሳት ላይ ግን ውሃ ማፍሰስ እሳቱን ማስፋት ነው። አሸዋ ወይም እርጥብ ብርድ ልብስ አጠገባችሁ ይኑር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራችሁ 96 በመቶ አልኮል መግዛት፣ አጥሩን መሥራትና ጣሳውን ሦስት ጊዜ መለካት ይሁን። ሦስቱ ውጤቶች እርስ በርስ ከ5 በመቶ በላይ ከተራራቁ ወደ አይሶፕሮፒል አትለፉ፤ መጀመሪያ መስኮቱን ዝጉ፣ የክሩን ርዝመት እኩል አድርጉ፣ እንደገና ለኩ። ሰሌዳው ላይ ስትጽፉም ቁጥሩን ብቻውን አታስቀምጡት። «1,367፣ ኤታኖሉም ውሃውም ፈሳሽ፣ በ25 ዲግሪ» ብላችሁ ጻፉ። «1,271፣ ሁሉም ጋዝ፣ ከቦንድ ኢነርጂ» ብላችሁ ጻፉ። የእናንተንም «712፣ ክፍት ጣሳ፣ ያለ አጥር፣ 70 በመቶ አልኮል ታርሞ» ብላችሁ ከጎኑ አድርጉት።